ዳማ ቤት አግኝቷል

አቶ ዑቕባዝጊ ጎሮ ባለው የውሾች መጠለያ፣ ከዳር በሚገኘው የብረት ፍርግርግ ክፍል ውስጥ በጀርባቸው ተዘርግተው ተገኙ። ጡረታ የወጡ ኦዲተር ነበሩ። የመጠለያው ቦርድ አባል ሲሆኑ፣ ከቦርዱ መካከል ሪፖርት የሚያነቡት እሳቸው ብቻ ናቸው ይባላል። የገደላቸው ዳማ የተባለው ውሻ ነው ተብሏል። ዳማ ወደ ጎረቤት ክፍል ተዛውሮ፣ ግንባሩ ላይ የሰማያዊ ቀለም ምልክት እንዳለበት ተጋድሞ ሰዎቹን ያያል።

ኢንስፔክተር ጥሩነሽ ውሻ አትወድም። ውሻ እወዳለሁ እያለ ለሰው የሚናገርን ሰው ደግሞ ከውሻው አብልጣ ትጠላለች። መጠለያው ደግሞ በእንዲህ ዓይነት ሰዎች የተሞላ ነበር።

«ጥፋቱ የዘበኛው ነው» አለች መሥራቿና ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ማኅደር። ሬሳው ገና ሳይነሳ ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር መነጽርና ጥቁር ሻርፕ አሟልታ መድረሷ ጥሩነሽን አስገርሟታል። «የዳማን በር ክፍት ትቶ ተኛ። ጋሼ ደግሞ ውሻ ሁሉ ይወደኛል ብለው ገቡ። ዘለለባቸው፣ ወደቁ፣ ጭንቅላታቸው ሲሚንቶው ላይ አረፈ። አለቀ።»

«እርስዎ መቼ ሰሙ?»

«ጠዋት ነዋ። ሊባኖስ ደውሎ ሲያስደነግጠኝ። እስከዚያ በምን አውቄ?»

ዘበኛው ሊባኖስ ጥበቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ እጁ በካቴና ታስሮ ቆሟል። ሽበት የወረረው፣ ዝምተኛ ሰው ነው። በቸልተኝነት ሰው አስገድለሃል ተብሎ ሊወሰድ መኪናው ሞተሩን አስነስቷል።

«ጋሽ ሊባኖስ፣ በሩን ከፍተው ትተዋል?» አለችው ጥሩነሽ።

«እኔ እንጃ፣ የኔ እመቤት። ዘግቼ ነበር። አሁን ግን ሁሉም ክፍት ነበር ሲሉኝ፣ ራሴንም መጠርጠር ጀመርኩ።»

«ሟቹን በመጨረሻ ያዩት የት ነው?»

«ቢሮ ነበሩ። ዛሬ የአባላት ስብሰባ አለ፤ ስንት ውሻ እንደገባ፣ ስንቱ እንደሞተ በሩ ላይ እለጥፋለሁ ብለው ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። ከሦስቱም ኃላፊዎች ጋር። ከዚያ በጓሮ በር የወጡ መሰለኝ። የጓሮው ቁልፍ ሁሉም ጋ አለ። ጠዋት ላበላ ስገባ አገኘኋቸው፤ ወዲያው ለወይዘሮ ማኅደር ደወልኩ።»

ጥሩነሽ ወደ ሬሳው ተመልሳ ጎንበስ አለች። የቀኝ ክንዳቸው ላይ የውሻ ጥርስ ጠልቆ ገብቷል። ቀዳዳዎቹ ደረቅ ናቸው፤ ነጩ እጅጌ ላይ የደም ጠብታ የለም። ማጅራታቸው ላይ ግን ደም ደርቆ ኮቱን አጣብቆታል። ከሥራቸው ያለው ሲሚንቶ ንጹሕ ነው። ቀና ስትል የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ሚስባህ መርፌ ይዞ ወደ ዳማ ሲሄድ አየችው።

«ለማን ነው ዶክተር?»

«ለዳማ። ሰው የገደለ ውሻ አይቆይም። ጭንቅላቱም ለእብድ ውሻ በሽታ ምርመራ ይላካል፤ አሠራሩ ነው።»

«ግንባሩ ላይ ያለው ቀለም ምንድን ነው?»

«ትናንት አመሻሽ ላይ ለዚሁ በሽታ የከተብኳቸውን ምልክት ያደረግኩበት ነው።»

«እንግዲያው መርፌውን ያስቀምጡት። ትናንት ያዳኑትን ዛሬ ለመግደል ምን አጣደፈዎት?»

ዶክተሩ ማኅደርን አየ። ጥሩነሽ አስተያየቱን ልብ አለችው። የገዛ ሐሳቡን እንኳ አስፈቅዶ የሚያስብ ሰው መሆኑ ገባት።

ሦስተኛው ኃላፊ ይትባረክ ይባላል። የወጣትነት ጺሙን ያበጠረ፣ በሁለት ስልክ መሐል የሚኖር የግልጽነትና የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው። «በሀገሪቱ የመጀመሪያው ግልጽ መጠለያ ነን» አላት፣ ሬሳውን በመላ ሰውነቱ እየሸሸ። «የእያንዳንዱ ውሻ መጨረሻ ቴሌግራም ቻናላችን ላይ ይወጣል። ማንም ገብቶ ማየት ይችላል።»

ጥሩነሽ ገብታ አየች። ቆማ ወደ ላይ ወደ ታች ገፋችው፤ ልብ፣ የውሻ መዳፍ፣ ፈገግታ። በየቀኑ አንድ ሁለት ውሻ «አፍቃሪ ቤተሰብ» ያገኛል። በዚህ አኳኋን ገርጂና ወሎ ሰፈር ውስጥ ውሻ የሌለበት ሳሎን መኖር አልነበረበትም። የዛሬውን ስታነብ ቆም አለች። ከዚያ ሁሉንም ቢሮ እንዲገቡ አዘዘች፤ ሊባኖስንም ጭምር።

ማኅደር ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹ ቆሙ።

«የሞተ ሰው ሲነከስ አይደማም» አለች ጥሩነሽ። «የአቶ ዑቕባዝጊ ክንድ አልደማም። ስለዚህ ዳማ የነከሰው ሬሳ ነው። የደሙት ከማጅራታቸው ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ደም የለም። ሌላ ቦታ ተመትተው ሞቱ፣ ተጎትተው ገቡ፣ በሩም ከውሻው ጋር ተዘጋባቸው። በር ክፍት የተወ ሰው የለም።»

ሊባኖስ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ያም ሆኖ ከውጭ የመጣ ሌባ ሊሆን ይችላል» አለች ማኅደር።

«ሌባ ቴሌግራም አይጽፍም። እዚህ ቻናል ላይ ዛሬ ንጋት ላይ፣ ጋሽ ሊባኖስ ገና ሬሳውን ሳያገኙ፣ 'ዳማ ቤት አግኝቷል' የሚል ወጥቷል። ዳማ እዚያ ተኝቶ ያየናል። ይትባረክ፣ ቤቱ የት ነው?»

«ስህተት ነው... ሲስተሙ...»

«ሲስተሙ ሰው መሆኑ ነው? ዳማ ዛሬ እንደማይኖር ከሬሳው መገኘት በፊት ያወቀ ሰው ገዳዩ ነው። የጻፍከው አንተ ነህ። ቅደም፣ ወደ መኪናው።»

ይትባረክ አልተንቀሳቀሰም። ላብ ጺሙ ውስጥ ገባ። «እኔ ማታ አዘጋጅቼ፣ ጠዋት ራሱ እንዲወጣ አድርጌ ነው የምተኛው። ስም ይላክልኛል፣ እጽፋለሁ።»

«የምን ስም?»

«ይትባረክ» አለች ማኅደር በቀስታ።

«በማግስቱ... መርፌ የሚወጉት ስም። የሚገደሉት።» ማኅደርን ሳያይ ቀጠለ። «ቤት አገኘ ማለት እንደዚያ ማለት ነው። ሁላችንም እናውቃለን። ሰው ግን አልገደልኩም።»

ከግድያ ክስ ለማምለጥ ማጭበርበሩን እንደ ጋሻ ሲያነሳው ጥሩነሽ ፊቷን አላዞረችም። «የሚገደሉትን የሚመርጡት እርስዎ ነዎት፣ ዶክተር?»

«የታመሙትን ብቻ ነው» አለ ሚስባህ። እሱም ተቻኮለ። «ዳማ ጤነኛ ነው። ነገ የምገድለውን ውሻ ዛሬ ለምን እከትባለሁ? ክትባት ይባክናል። እኔ ስሙን አልሰጠሁም።»

«እውነት ነው። ዳማ የተጨመረው ከክትባቱ በኋላ ነው። ይትባረክ፣ ስልክህን።»

በዚህ ቤት ለሌላው ሲል ስልኩን የሚደብቅ ሰው አልነበረም። ይትባረክ ከፍቶ ዘረጋላት። ከመኝታ በፊት የደረሰ አጭር መልእክት ነው፤ «ዳማንም ጨምር። ቆንጆ አድርገህ ጻፍለት» ይላል። ላኪዋ ፎቶዋ ላይ ቡችላ አቅፋ ትስቃለች።

ማኅደር መነጽሯን አወለቀች።

«ሬሳውን ዳማ ክፍል አስገብተው ሲጨርሱ ዳማ በነጋታው መገደሉ አይቀርም አሉ» አለች ጥሩነሽ። «እዚህ ቤት ደግሞ የሚገደል ውሻ ማታውኑ ቤት ያገኛል። እጅዎ ለምዶታል፤ ሰው በገደሉበት ማታ እንኳ አላረፈም።»

«እኔ ባልኖር እነዚህ ሁሉ ጎዳና ላይ ነበሩ» አለች ማኅደር። ስትቆጣ እንኳ ለጋዜጠኛ የምትናገር ትመስላለች። «አንድ ሽማግሌ ወረቀት ለጥፎ የዚህን ሁሉ ዓመት ስም ያጥፋ? እዚሁ ደረጃው ላይ ገፋሁት። ገፋሁት ብቻ። ይነሳል ብዬ ነበር።»

«አልተነሱም» አለች ጥሩነሽ። ካቴናውን ከሊባኖስ እጅ ራሷ ፈትታ በሩ ላይ ለቆመው ፖሊስ አቀበለችው፤ ፖሊሱም ለማኅደር አሰረላት።

ውጭ ለስብሰባ የመጡት አባላት አጥሩ ሥር ተሰብስበዋል፤ ጫጫታቸው ይሰማል። ማኅደር ሻርፗን ፊቷ ላይ ሳበች።

«ሊባኖስ፣ ቦርሳዬን ያዝልኝ። ትንሿን በር ብቻ ክፈት፤ ቶሎ ልግባ መኪናው ውስጥ።»

ሊባኖስ የእጁን አንጓ እያሸ ቦርሳውን አየው፤ አላነሳውም። ወደ ትልቁ የመኪና መግቢያ ሄዶ መወርወሪያውን ሳበ፤ ሁለቱንም የበር ክንፎች ግራና ቀኝ እስከ አጥሩ ድረስ ገፋቸው። ከዚያ ድንጋይ አምጥቶ እንዳይመለሱ አስደገፋቸው።