ደምሴ ለራት የመጣ ዕለት

እኔ በጥላ በመንፈስ ማመን ቀርቶ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንጀራዬ ሰው በመንፈስ ያመካኘውን ነገር በቢላዋ ከፍቶ ማየት ነበር። የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ፣ በሰቆጣ ዙሪያ ዝቋላ በሉት አበርገሌ በእግሬ ያልረገጥኩት ቀበሌ የለም፣ «ቡዳ በላብኝ» የተባለች ፍየል ስንት ጊዜ ሆዷን ቀድጄ የተቋጠረ ፌስታል አውጥቼ «ይኸውልህ ቡዳህ!» እያልኩ ለባለቤቷ አሳይቻለሁ። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ፣ እመኑኝ፣ ምን ጠጥተህ ነው ብዬ ነበር የምስቅበት።

አስናቀ እባላለሁ፣ ስድሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ትውልዴ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው፣ ሰቆጣ ግን በወጣትነቴ ለሥራ መጥቼ እዚሁ አረጀሁ። አላገባሁም፣ አልወለድኩም። ራሴ ገበያ እሄዳለሁ፣ ራሴ እከትፋለሁ፣ ራሴ አበስላለሁ፣ መጀመሪያ አካባቢ የሰፈሩ ሴቶች ሽንኩርት ስመርጥ እያዩ ይሳሳቁብኝ ነበር፣ አሁን የቱ በርበሬ ጥሩ እንደሆነ እኔን ይጠይቁኛል። ማብሰሉ አይደለም የሚከብደው። የሚከብደው ልኩ ነው። ለአንድ ሰው የሚሆን ወጥ ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ጭልፋ ሽሮ ድስቱ ሥር ተለጥፎ ያራል፣ ካበዛችሁት ደግሞ ሦስት ቀን ያንኑ ስታሞቁ ትከርማላችሁ፣ በሦስተኛው ቀን ቆማችሁ ከድስቱ ላይ ትበላላችሁ፣ መቀመጡም ያሳፍራል፣ ለማን ብሎ?

እንዲህ የሆነው ግን በቅርብ ነው። ከዚያ በፊት ደምሴ ነበረ። ደምሴ የጎጃም ሰው ነው፣ በአንድ ዓመት ተቀጥረን፣ በአንድ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን፣ በሁለታችን ክፍል መሃል ባለች አንዲት ጠባብ ማድ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት አብረን በላን። አንድ ሳምንት እኔ አበስላለሁ፣ አንድ ሳምንት እሱ። እሱም አላገባም። «ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል፣ እኛ ግን ሁለት ነን» ይለኝ ነበር፣ እኔም እስቅ ነበር። ወንድም አይደል? እንዲያውም ከወንድሜ ጋር ያን ያህል አልበላሁም።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ቁጭ ብለን «አስናቀ፣ ዛሬ እሄዳለሁ፣ ባሕር ዳር እህቴ ጋ ልኖር ነው» አለኝ። ዛሬ! ሻንጣው ተቆልፎ አልጋው ላይ ነበር፣ ለካ ለእህቱ ከነገራት ወራት አልፈዋል። የነገረኝን እንኳ በአፌ የያዝኩትን ጉርሻ ሳልውጥ ነው የሰማሁት። ተሳፈረ፣ ሄደ፣ በዓል ሲመጣ ይደውላል፣ «እንዴት ነህ፣ ደህና ነኝ» ነው፣ ሌላ የለም። ቅር አለኝ፣ ግን ምን ይባላል፣ ሰው ሲያረጅ ወደ ሥጋ ዘመዱ ይሄዳል ብዬ ተውኩት።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ጥቅምት ነው፣ ማክሰኞ፣ ገበያው የዋለበት ቀን። ሽንኩርትና ትንሽ ቋንጣ ገዝቼ ገባሁ፣ የግቢውን በር ከውስጥ ቀረቀርኩ፣ ከሰል አያያዝኩ። ገና አሥራ ሁለት ሰዓት አልሆነም፣ ፀሐይ ወደ ጋራው ብትጠጋም ብርሃን አለ፣ ጨለማ አሳስቶህ ነው እንዳትሉኝ። ሽንኩርቴን እከትፋለሁ፣ ቢላዋዬን አቆምኩ፣ የመክተፉ ድምፅ ግን አልቆመም። ጣ፣ ጣ፣ ጣ፣ ሦስቴ፣ ከደምሴ ክፍል በኩል። ክፍሉ ከሄደ ጀምሮ ባዶ ነው፣ ተቆልፏል። የግድግዳው ማስተጋባት ነው ብዬ እንደገና ከተፍኩ፣ እንደገና አቆምኩ፣ አሁንም ሦስት ጊዜ ቀጠለ። አይጥ ነው አልኩ። አይጥ በቢላዋ ይከትፋል? አይከትፍም፣ እኔም አውቃለሁ፣ ግን ሰው ሆዱ ሲርበው ብዙ አይመራመርም።

ቋንጣው በስሎ እንጀራ ስፈረፍርበት፣ ደጅ ድንጋዩ ላይ ውኃ ሲፈስ ሰማሁ፣ ሰው እጁን ሲታጠብ የሚፈሰው ዓይነት፣ ቆም እያለ። ከዚያ ጉሮሮ መጥረግ፣ ሁለቴ። ያን ጉሮሮ ሠላሳ አራት ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ ከሺህ ሰው መሃል እለየዋለሁ። ቀና ስል ደምሴ ጎንበስ ብሎ በማድ ቤቱ በር ገባ።

ፈራሁ ብዬ ልዋሽ? አልፈራሁም፣ ደስ ነው ያለኝ፣ ልቤ ዘለለች።

«ደምሴ! መቼ መጣህ? ምነው ሳትደውል?»

«አሁን ነው» አለኝ፣ በርጩማውን ስቦ ተቀመጠ፣ በፊት የሚቀመጥባት ቦታ ላይ። «ርቦኛል።»

ተነሥቼ ልስመው ስል ጎንበስ አለና ትሪውን ወደ መሃል ሳበው፣ ስለዚህ አልተሳሳምንም። በሩን ቀርቅሬ እንደነበር ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ ያየሁት ሌላ ነገር ነው፤ ያንን መንገድ በአውቶቡስ የመጣ ሰው እስከ ቅንድቡ አቧራ ይሆናል፣ የእሱ ጫማ ግን ከሱቅ የወጣ ይመስላል። እጁን ሲታጠብ ሰምቼዋለሁ፣ እጁ ግን ደረቅ ነው፣ እንደ እንጨት። እነዚህን ሁሉ አየሁ፣ አይቼም ዝም አልኩ፣ ለምን ብትሉኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ከፊቴ ተቀምጦ የበላ ሰው አልነበረማ።

አበላሉ ደግሞ! እየጠቀለለ፣ እየጎረሰ፣ ዓመት ሙሉ እህል ያላየ ሰው ይመስል። አንድ ትልቅ ቋንጣ መርጬ አጎረስኩት። ምግቡ እንፋሎት ያወጣል፣ ጣቴን የነካው ከንፈሩ ግን ቀዝቃዛ ነበር።

ግማሽ ያህሉን ስንጨርስ፣ ዓይኑን ከትሪው ሳያነሣ፣

«አስናቀ፣ ፀዳለን ታስታውሳታለህ?» አለኝ።

እንዴት አላስታውሳት? እዚህ በመጣን በአምስተኛው ዓመት ያፈቀርኳት ልጅ ናት፣ እዚሁ አጠገብ የፃግብጂ አገር ልጅ፣ አባቷ የተከበሩ ሰው ነበሩ። ሁለት የአገር ሽማግሎችና ደምሴን ሽማግሌ አድርጌ ልኬ ነበር። ደምሴ ነው መልሱን ይዞልኝ የመጣው፤ «ለአገር ልጅ እንጂ ለመጤ አልሰጥም ብለዋል፣ ሽማግሎቹም አፍረው ወደ ቀያቸው ሄደዋል» አለኝ። አፍሬ ሽማግሎቹን እንኳ ሳልጠይቅ ዋጥኩት። ሌላ አገባች፣ ባሏም ሞተ፣ ዛሬ እዚሁ ሰቆጣ ጠላ እየጠመቀች ትኖራለች፣ መንገድ ላይ ስንገናኝ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ታልፈኛለች። አፍራብኝ ነው እል ነበር።

«ምነው፣ ሞተች እንዴ?» አልኩት።

«አልሞተችም። ያን ዕለት አባቷ እሺ ብለው ነበር።»

«ምን አልክ?»

«እሺ ብለው ነበር። ሽማግሎቹ ቀድመው ሲወጡ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። ‹አባቴ፣ ኃጢአት አልሸከምም፣ ይህ ሰው ደብረ ታቦር ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት› አልኳቸው። ለሽማግሎቹ ሌላ ቀን መልስ ላኩ፣ ምክንያቱን ግን ለልጃቸው ክብር ብለው አላወጡትም።»

እጄ ትሪው ላይ ቀረ። በመጨረሻ ያወጣኋት አንዲት ቃል ናት።

«ለምን?»

«ብቻዬን መብላት ፈርቼ» አለኝ፣ ጨው አነሰው እንደሚል ሰው ቀለል አድርጎ።

የቀረውን በእንጀራ ጠራርጎ ጎረሰ፣ ተነሣ፣ «እጄን ልታጠብ» ብሎ ወጣ። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ቀረሁ፣ የውኃውን ድምፅ እየጠበቅኩ። የውኃ ድምፅ የለም። ጉሮሮም የለም። ስወጣ ግቢው ባዶ ነው፣ ድንጋዩ ደረቅ ነው፣ የግቢው በር ከውስጥ እንደቀረቀርኩት ነው። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። እንድሪስ የሚባል ባለሱቅ አለ፣ ሱቁ ከበሬ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው፣ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር እዚያው ሱቅ ሲላላክ ነው የማውቀው፣ ዛሬ የልጆች አባት ነው።

«እንድሪስ፣ አሁን ከግቢዬ ሰው ሲወጣ አየህ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ እዚሁ በርዎ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ማንም አልገባም፣ ማንም አልወጣም።»

«ድምፅስ አልሰማህም?»

የሚዛኑን ሳህን ያለ ሥራው ያገላብጥ ጀመር። «ሰምቻለሁ» አለኝ በመጨረሻ። «ሁለት ሰው ሲያወራ ሰምቻለሁ። ግን ጋሼ፣ አይቀየሙኝ... ሁለቱም ድምፅ የእርስዎ ነው።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ለራሴ ብዙ ነገር ነገርኩት፣ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ብቻውን ያወራል፣ ቂም ሲብላላ ቆይቶ ድምፅ አወጣ፣ አእምሮ ነው፣ ዕድሜ ነው፣ ሁሉንም አልኩ። ግን ሐሰት ከሆነ በቀላሉ ይታወቃል፣ ሴትየዋ በሕይወት አለች። በነጋታው ፀዳለ ቤት ሄድኩ። ጓሮዋ ጌሾ ታሰጣለች። ስታየኝ እንደ ልማዷ ነጠላዋን ሳበች።

«ወይዘሮ ፀዳለ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። ያኔ ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ...»

አላስጨረሰችኝም። «ልጆችዎ እንዴት ናቸው?» አለችኝ።

«ልጅ የለኝም።»

«የሁለት ልጆች አባት ነው አሉን እኮ!»

«አልወለድኩም፣ ፀዳለ። አላገባሁምም። ማን ነው ያላችሁ?»

«አንተው የላክኸው ሰው ነዋ!» አለች፣ አንቱታውም ጠፋባት። «አባቴ እስኪሞት ለማንም አልተነፈሰም፣ ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ። ልጆቹን ጥሎ እኔን ሊያታልል የመጣ እያልኩ ይኸው እስከዛሬ... ሰላምታ ነፍጌህ...»

የጌሾው ሰፌድ ከእጇ ወደቀ። በአገሯ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ አንድ ነገር አለች፣ ለራሷ። እኔ ፍየል ለማከም የሚበቃ ኽምጣኛ አውቃለሁ፣ ለሐዘን የሚሆን ግን አላውቅም፣ ምን ማለትሽ ነው ብዬም አልጠየቅኳት። ጌሾውን አብረን ለቀምን። ከዚያ ወጣሁ።

ሐሙስ ዕለት ለደምሴ ደወልኩ።

«አስናቀ! ምነው ያለ በዓሉ?» አለ፣ ድምፁ ደከም ብሏል።

«ማክሰኞ የት ነበርክ?»

«የት እሆናለሁ፣ እዚሁ እህቴ ቤት። ምነው?»

«ለፀዳለ አባት ምን ብለህ ነገርካቸው?»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት። «ማን ነገረህ?» አለኝ ቆይቶ።

«አንተ።»

ይክዳል ብዬ ነበር፣ ይሳደባል፣ አብደሃል ይለኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማው የሚፈራ ይመስል፣ «ምን አበላኸኝ?» አለኝ።

«ቋንጣ ፍርፍር።»

«ማክሰኞ ከሰዓት ትንሽ ጋደም ብዬ ነበር» አለ። «መሽቶ ስነቃ አፌ በበርበሬ ይቃጠላል። እህቴ ራት አቀረበች፣ መቅመስ አቃተኝ፣ እስከ ጉሮሮዬ ጠግቤያለሁ። ይኸው ሦስት ቀኔ ነው፣ አስናቀ፣ አልራበኝም። በግድ እጎርሳለሁ፣ ረሃብ የሚባል ነገር ግን የለም። ሄዷል።»

ይቅርታ አላለኝም። ይህን ልብ በሉልኝ። ጠበቅኩት፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ስልክ ይዤ ያቺን አንዲት ቃል ጠበቅኩ፣ ብሎኝ ቢሆን ምናልባት አለቅስና ይወጣልኝ ነበር። እሱ ያለኝ ይህን ነው፤

«እባክህን፣ ዳግመኛ ከመጣ አታብላው።»

ዘጋሁበት።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይደውላል። ከስቷል ብላኛለች እህቱ፣ በሌላ ስልክ ደውላ አግኝታኝ። እኔም ነገሩን አገላብጬ አገላብጬ አንድም መቋጫ አላገኘሁለትም። እንድሪስ የሰማው ሁለቱም የእኔ ድምፅ ከሆነ፣ ሁለት ልጆች ተብሎ እንደተነገረ እኔ በምን አወቅኩ? እኔ የማላውቀውን ነገር የነገረኝ የእኔ ድምፅ ማን ነው? ያ ሰው ደምሴ ከሆነ ደግሞ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ከፊቴ ተቀምጦ ከበላው ይልቅ ያ አንድ ማታ የበላው ነው እውነቱን የነገረኝ፣ ታዲያ ከሁለቱ ወዳጄ የትኛው ነው?

የደምሴን ስልክ አላነሣም። የግቢውን በር ግን፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ መሸት ሲል መቀርቀር ትቻለሁ።