አሳሪዋን ምስክር የጠራች

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት ዘመን፣ ብርዱ ሊገባ ሲል፣ ልብስ ሰፊዋ በሆዷ ይዛው የኖረችው ቂም አሥራ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ያኔ የስፌት ቤቱ ሴቶች ሥራ አቁመው አደባባይ በወጡ ጊዜ፣ ከመካከላቸው የተወረወረ ድንጋይ የአንዱን ፖሊስ ቆብ ጣለው፤ የፖሊሶቹ አሥር አለቃ ዘወር ሲል ፊት ለፊት ያገኘው እሷን ነበርና ክንዷን ጨምድዶ ወሰዳት። አልወረወረችም። ሦስት ወር ታሰረች፤ ከተፈታችም በኋላ በሰፈሩ ስሟ ተረስቶ «እስረኛዋ» ተብላ ቀረች።

አሁን ደግሞ ጦርነቱ ጨርቁን ጠራርጎ ወስዶ ስፌት ቤቶቹን አዘጋቸው፤ ሁለት ሴት ልጆቿን የምታሳድግበት መርፌ ሥራ የሚያገኘው፣ በጦር ሰፈሩ ውስጥ ወታደሮች ከአውሮፕላን የሚወርዱበት የአየር ጃንጥላ በሚሰፋበት አዳራሽ ብቻ ሆነ። የአዳራሹ ሥራ ምሥጢር ነበርና የሚገባ ሁሉ ያለፈ ሕይወቱ ይመረመራል፤ ለጠባዩም ምስክር ያቀርባል።

እኅቷ እስሩን እንዳታነሣው፣ በጦር ሰፈሩ ማንም እንደማያውቀው ነግራ ለመነቻት።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» አለቻትና ሻርፗን ተከናንባ ወጣች።

አሥር አለቃው ጡረታ ወጥቶ ከበራፉ ላይ ጫማ ይጠግን ነበር። ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«አሥር አለቃ፣ በጦር ሰፈሩ ሥራ ልገባ ነው፤ ለጠባዬ ይመስክሩልኝ።»

በከንፈሩ የያዘውን ምስማር ተፋ። «አንቺ ሴት፣ ጤና የለሽም? ድንጋይ ወርውረሽ?»

«አልወረወርኩም።»

«ወርውረሻል።»

«እየተጨቃጨቅን እንሂዳ፤ መንገዱ ሩቅ ነው።» እሱም መዶሻውን አስቀምጦ፣ እያጉረመረመ ተከተላት።

መርማሪው ሻለቃ ገና አፉን ሳይከፍት መታሰሯን ነገረችው፤ ያሰራትንም ሰው በእጇ አመለከተች። ሻለቃው እንዲህ ያለ ምስክር አይቶ አያውቅምና ብዕሩን አስቀመጠ። አሥር አለቃው ተነሥቶ እንደ ድሮው ተረከዙን አጋጠመ፤ ድንጋዩን ወርውራለች ብሎ እስከ ዛሬ እንደሚያምን ሳይደብቅ ተናገረ።

«ነገር ግን ጌታዬ፣ አድማውን የጠራው ማን እንደ ሆነ ጠየቅናት፤ አስፈራራናት፤ ብትናገር እንደምንፈታትም ማልንላት። እኛ ደከመን እንጂ እሷ አልተነፈሰችም። አፉን የሚጠብቅ ሰው ከፈለጉ፣ እኔ ሞክሬ ያቃተችኝ ይህች ናት።»

ሻለቃው ወደ እሷ ዞረ። «ማን ነበር የጠራው?»

«እኔ የመጣሁት ሥራ ፍለጋ ነው፣ ጌታዬ።»

ሻለቃው ሳቁን በመዳፉ ሸፍኖ ፈረመላት።

የዚያ ጦርነት ታሪክ ሲጻፍ የአዛዦቹ ስም በጉልህ ሰፈረ፤ ከሰማይ የወረዱት ወታደሮችም በየምዕራፉ ተወሱ፤ ሰፊዎቹን ግን ያነሣቸው የለም። የተፈረደባትም ፍርድ አልተሰረዘም፤ ድንጋይ ወርዋሪ እንደተባለች ነው። እሷም ታሪክ አጣርቶ እስኪፈርድላት አልጠበቀችም፤ በማግስቱ ማለዳ ዘበኛው በሩን ከፈተላት፤ ገብታ በመስኮቱ አጠገብ ካለው የስፌት መኪና ፊት ተቀመጠች፤ ነጩንም ሐር ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መስፋት ጀመረች።