ሽመላዋ ያልተነሳችበት ምሽት

የፎቶ አንሺው ሬሳ ከረግረጉ ወጣ፤ ማጅራቱ ተመትቷል። ወፍ ለማየት የመጡት ሦስት ሆነው ነበር፦ እሱ፣ ሚስቱና ወንድሟ። ሚስቱ የወፍ ማያ ስፍራው መግቢያ በር ላይ ቁጭ ስትል ወንድሟ አቅፎ ደገፋት።

በጭቅጭቋ «መዥገር» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ ወንድምየው ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት። ወፍ ማያ ጎጆው ውስጥ ሆኖ፣ ልክ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ የስፍራው ዘበኛ ረግረጉ ላይ በተዘረጋው የእንጨት መተላለፊያ ሮጦ የእህቱን ባል ሲመታ በዓይኑ አይቷል። ዘበኛውና ሟቹ ባለፈው ሳምንትም ተጣልተው ነበር። ዘበኛው ግን በዚያ ሰዓት ብቻውን ሲዞር እንደነበር ከመናገር በቀር ምስክር አላገኘም። መበለቲቱ ፊቱ ላይ ረገመችው። የእናቷን ልጅ ካላመነች ማንን ልታምን ኖሯል?

መዥገር የወንድምየውን ካሜራ ስታገላብጥ ቆይታ ሁሉንም መግቢያው ክፍል ሰበሰበች።

«ከቦታዬ አልተነሳሁም ብለህ ይህን የአስራ ሁለት ሰዓት ፎቶ አሳየኸኝ። ሽመላዋ እንቁላሏ ላይ ተኝታለች።»

«አዎ።»

«የሽመላዋ ጎጆ መተላለፊያው አፍንጫ ስር ነው። ሰው ካለፈ ትበራለች፤ ቶሎም አትመለስም። ለዚህ አይደል ቀድማችሁ ገብታችሁ ትንፋሽ የምትውጡት? በአስራ ሁለት ሰዓት ማንም አልሮጠም።»

ወንድምየው ከንፈሩን ላሰ። መዥገር ካሜራውን ወደ መበለቲቱ አዞረች። በየአምስት ደቂቃው ራሱ እንዲያነሳ ተደርጎ ነበር፤ አስራ አንድ ተኩል ላይ የሽመላዋ ጎጆ ባዶ ነው፤ ሰው ያለፈው ያኔ ነው።

«ያኔ ዘበኛው የት ነበር?»

መበለቲቱ ቀና ብላ ዘበኛውን አየችው። ያኔ በሩ ላይ ከእሷ ጋር ሲያወራ ነበር። ረግረጉ ውስጥ የነበሩት ባሏና ወንድሟ ብቻ ናቸው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይኸው ነው።

«ባልሽ የወፍ ጫጩት ለሚነግዱ ሰዎች የጎጆዎቹን ቦታ የሚጠቁመው ማን እንደሆነ ደርሶበት ነበር» አለች መርማሪዋ ለስለስ ብላ። «ነገ ሊያመለክት እንደሆነ ለማን ነገረ?»

«ለእኔ ብቻ። ስሙን ግን አልነገረኝም፤ ከብዶት ነበር።»

ዘበኛው ቆቡን አውልቆ አቀረቀረ። ወንድሟ እጇን ሊይዝ ተጠጋ።

«እህትዓለም፣ አንቺ እንኳ እመኚኝ።»

እጇን ሰበሰበች።

«አምኜህማ ነው ጠዋት የነገርኩህ» አለችው። «ነገ ሊያመለክት ነውና ተጠንቀቅለት፣ ጠላት አለበት ብዬ።»