ጨለማ ውስጥ መቆየት የነበረበት ሳህን

«ሞተዋል» አለች አክስቷ፣ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ። «ጨለማ ውስጥ የነበሩትም ሞተዋል።»

ፌንጣ ክው አለች። ፌንጣ ያሏት አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ ስለማትችል ነው፤ አሁን ግን ጫማዋ ወለሉ ላይ የተሰፋ ይመስል ንቅንቅ አላለችም።

ቀስ ብላ ቀረበችና በማይክሮስኮፑ አየች። ትናንት ተቃቅፈው ተነጥፈው የነበሩት የካንሰር ሴሎች ተጨማደው፣ ተበታትነው ተንሳፍፈዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን «እሰይ፣ የእጃቸውን አገኙ» ትል ነበር። እነዚህ ግን መሞት ያልነበረባቸው ናቸው።

ነገሩን አክስቷ ትናንት አስረድታታለች። መድኃኒቱ የተሠራው ኢሪዲየም ከሚባል ብረት ነው። ሴሉ ውስጥ ይገባና ዝም ብሎ ይተኛል፤ የሚነሳው ብርሃን ሲነካው ነው። ያኔ ሴሉ ጉልበት የሚያገኝበትን ኬሚካል ከኦክስጅን ጋር ያጋጭበታል። እሱ ግን አያልቅም፤ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ካታሊስት የሚሉት ይኼን ነው። «ደላላ በይው» ነበር ያለቻት አክስቷ፣ «ሰው አጣልቶ እሱ ንጹሕ ሆኖ የሚወጣ።» ሐኪሙ ዕጢው ላይ ብቻ ካበራ የቀረው ሰውነት ይተርፋል። ይኼ እውነት መሆኑን ለማየት ሴሎች ያሉበት ሁለት ባለ ክዳን ሳህን ይዘጋጃል፤ ሁለቱም መድኃኒቱ ይገባባቸዋል። አንዱ ሰማያዊ መብራት ሥር ይቀመጣል፣ ሌላው በፎይል ተጠቅልሎ ጨለማ ውስጥ ይቆያል። የመጀመሪያው መሞት፣ ሁለተኛው መኖር አለበት።

ሁለተኛው ከሞተ መድኃኒቱ ያለ ብርሃንም ይገድላል ማለት ነው። መርዝ።

አክስቷ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ለቤተ ሙከራው ኃላፊ ለፕሮፌሰሩ ደውላ እንደምትነግራቸውና ይኼኛው መድኃኒት እንደሚጣል ተናገረች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

ፌንጣ ከማይክሮስኮፑ ፈቀቅ አለች። ትናንት አክስቷ ስልክ ልታናግር ወጣ ስትል፣ መብራቱ ሥር ያለው ሳህን ለቪዲዮ ነፍ አሪፍ ሆኖ ታይቷት ነበር። ብቻውን ሲሆን ግን ደበራት። ፎይሉን ገልጣ ያኛውንም ከጎኑ ደረደረችው። የመጀመሪያው ደብዝዞባት ደግማ ቀረጸች፤ ከዚያ አንዴ ደግሞ ለሙድ። ክዳኑን እስካልከፈትኩ ምን ይመጣል ብላ፣ እንደነበረ ጠቅልላ መለሰችው። ጀለሶቿ ቪዲዮውን አይተው አብደዋል።

መናገር ፈራች። እዚህ ክፍል ተማሪ አይገባም። አክስቷ ናት «በኔ ይሁን፣ ምንም አትነካም» ብላ ፕሮፌሰሩን ደጅ ጠንታ ያስገባቻት። ከተናገረች የምትጠየቀው አክስቷ ናት። ዝም ካለች ደግሞ ማንም አያውቅም፤ መድኃኒቱ ብቻ ይጣላል።

«እትዬ፣ እንደገና አትሞክሪውም?»

ተራ የሚጠብቁ ሌሎች መድኃኒቶች እንዳሉ፣ መርዝ ለሆነ ነገር ደግሞ ማንም ጊዜ እንደማይሰጣት አክስቷ በደከመ ድምፅ ነገረቻት። ከዚያ ቀና ብላ አየቻትና ጉንጯን ቆንጠጥ አደረገቻት።

«አንቺን ደግሞ ምን ነካሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ እኮ። አይዞሽ፣ እኔ ለምጄዋለሁ።»

ጭራሽ እሷኑ ታጽናናለች። ፌንጣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

አክስቷ ስልኳን አንስታ ደወለች። ሲጠራ ይሰማል።

«እትዬ» አለች ፌንጣ። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «ጨለማ ውስጥ አልነበሩም።»

«ምን?»

«ሳህኑን መብራቱ ሥር አድርጌዋለሁ። ትናንት፣ ስትወጪ። ቪዲዮ ልቀርጽ ብዬ።»

ስልኩ ከአክስቷ ጆሮ እየራቀ፣ እየራቀ ወረደ። ከውስጡ ፕሮፌሰሩ «ሃሎ? ሃሎ?» ይላሉ።

ፌንጣ እጇን ዘረጋች።

«ስጪኝ፣ እኔው ልንገራቸው።»