ሰው ከጎንዎ ሳይኖር አይነሱ

በቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች የጸሎት ደብተር ላይ ሃያ ሦስት ስም ሰፍሯል። ከእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት ምልክት አለ፤ ክብ ከሆነ ገና እየተጸለየለት ነው፣ ራይት ከሆነ ጸሎቱ ተመልሷል። ደብተሩን የምትይዘው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ያለ ማስመሪያ መስመር አታሰምርም፤ ስሟን ትተው «ጸሐፊዋ» የሚሏትም ለዚህ ነው። አሥራ ሰባተኛው ተራ ላይ የትምህርት ቤቱ የቀድሞ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ አሉ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል የገቡ ዕለት ክብ ተደረገላቸው። ሲወጡ ጸሐፊዋ በገዛ እጇ ራይት አደረገችላቸው። ይህ ከሆነ ስድስት ሳምንት አልፎታል።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጓደኛዋ ወሬ ጀመረች። ወሬ ስለማያመልጣት «ሬዲዮ» ትባላለች።

«እትዬ ዝምታን አስታወስሻቸው? እኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ከመጡ ጀምሮ ከአልጋ አልወረዱም።»

ተማሪው ይህን ስም ያወጣላቸው ጠረጴዛ እየደበደቡ «ዝምታ!» ስለሚሉ ነበር።

«ድነዋል እኮ። ራይት አድርጌያቸዋለሁ።»

«ደብተርሽ ላይ ድነው ይሆናላ!» ሬዲዮ ሳቀች፣ ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። «የወንድማቸው ልጅ የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ትመጣለች። እስከዚያ ብቻቸውን መታጠቢያ ቤት መድረስ ካልቻሉ፣ መጦሪያ አስገብታ ቤቱን ትዘጋዋለች። እሳቸው ደግሞ ከዚህ ቤት ሬሳዬ ይውጣ ነው የሚሉት።»

ከሁለት ዓመት በፊት እኚሁ ሴትዮ አንድ መጽሐፍ አልመለስሽም ብለው ጸሐፊዋን ዓመቱን ሙሉ ከቤተ መጻሕፍት አግደዋታል። መጽሐፉን ግን መልሳ ነበር። አሁን የሬዲዮን ወሬ ስትሰማ ውስጧ የሆነ ቦታ «እሰይ» አለ። የገዛ ልቧ አስደነገጣት።

በማግስቱ ሄደች። በሩ አልተቆለፈም። ክፍሉ የታፈነ አየር ይሸታል።

«ማነው?»

«ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጣሁት፤ ከወጣቶች።»

«ልትዘምሩልኝ ነው?»

«አይደለም።»

«ተመስገን።» እትዬ ዝምታ ከትራሱ ቀና ብለው ዓይናቸውን አጠበቡ። «አንቺ መጽሐፍ ያጠፋሽው ያቺ ልጅ አይደለሽም?»

«መልሻለሁ። ያኔም ነግሬዎት ነበር።»

«መዝገቡ አልተመለሰም ነው የሚለው።»

ጸሐፊዋ ፊቷን ወደ በሩ መለሰች። እጀታውን እንደያዘች የራሷ መዝገብ ትዝ አላት። እሱስ ምን ነበር የሚለው? ድነዋል። እጀታውን ለቀቀችው።

ከአልጋው ራስጌ ሆስፒታሉ የሰጠው ወረቀት ተለጥፏል፦ «በቀን ሁለት ጊዜ በመራመጃው ይራመዱ። ሰው ከጎንዎ ሳይኖር አይነሱ።» ባለ አራት እግሩ መራመጃ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ የእግሮቹ ጎማ ገና አልቆሸሸም።

«ታዲያ ለምን አልተራመዱም?»

«ማንበብ አትችዪም? ማን አለ ከጎኔ?»

ጎረቤታቸው ጠዋት ምግብ አስቀምጣ፣ ፖፖ ደፍታ ወደ ሥራዋ ትሮጣለች። እትዬ ዝምታ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ደንብ ጥሰው አያውቁም። ወረቀቱ አይነሱ ስላለ አልተነሱም።

ጸሐፊዋ መጀመሪያ መስኮቱን ከፈተች። ትንፋሿን ይዛ ከአልጋው ሥር ያለውን ፖፖ ደፋች፣ አጠበች፣ እጇን ሁለቴ ታጠበች። አንሶላውን ቀየረች። ከዚያ መራመጃውን አቀረበች።

«ከጎንዎ ነኝ።»

ከአልጋው እስከ መታጠቢያ ቤቱ በእሳቸው እርምጃ አሥራ አራት ነው። ያን ቀን ሁለት ተራመዱ። ለቅዳሜዋ ሃያ አምስት ቀን ይቀራል።

አስቸጋሪው ሰዓቱ ነበር። ከትምህርት በኋላ እሳቸውን የምታራምደው አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ የወጣት መዘምራኑ የመዝሙር ውድድር ልምምድም በየቀኑ በዚያው ሰዓት ነው። ሁለት ዓመት የጠበቀችው ለብቻ የሚዘመር ዜማ ዘንድሮ ለእሷ ተሰጥቷል።

«ሙድ እየያዝሽብን ነው?» አለ የመዘምራኑ ሰብሳቢ፣ የአሥራ ሰባት ዓመቱ ጎረምሳ። «መዝሙሩ ስለ ፍቅር ነው፣ አንቺ ትቀሪያለሽ!»

«ጠዋት ከትምህርት በፊት እሄዳለሁ፣ ከሰዓት ደግሞ በአሥር። ሌላ ሰው የላቸውም።»

«እንጸልይላቸዋለና።»

«ጸልየናል። ከመካከላችን ግን ፖፖውን የደፋ የለም።»

ሰብሳቢው ጆሮው ቀላ። «ካልመጣሽ ዜማውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

«ስጠው» አለች፤ የዜማውን ወረቀትም ከቦርሳዋ አውጥታ መለሰችለት።

በሦስተኛው ሳምንት ዘጠኝ እርምጃ ደረሱ። እዚያው ላይ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ጸሐፊዋ ክብደታቸውን በትከሻዋ ችላ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። እትዬ ዝምታ አለቀሱ፤ ልቅሷቸውን ስላየች ደግሞ ተቆጡ።

«ውጪልኝ! ሁለተኛ እንዳትመጪብኝ!»

በማግስቱ ጠዋት በሰዓቷ ተገኘች።

«አትምጪ አላልኩም?»

«ብለዋል። ይነሱ።»

«መጽሐፉ አሁንም አልተመለሰም።»

«እሺ። ግራ እግር ያስቀድሙ።»

ቅዳሜ የወንድማቸው ልጅ የመኪና ቁልፍ በእጇ እንደያዘች ገባች። «አክስቴ፣ ሻንጣሽን ላዘጋጅ? እዚያ እኮ ሐኪምም አለ፣ ጓደኛም...»

«ዝምታ!»

ሴትየዋ አፏን ዘጋች። እትዬ ዝምታ መራመጃውን ጨብጠው ተነሱ። ጸሐፊዋ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ከጎናቸው ሄደች፤ አልነካቻቸውም። ሰባተኛው ላይ ቆመው ተነፈሱ። አሥራ አራተኛው ላይ ገቡና በሩን ዘጉባቸው። ትንሽ ቆይቶ የውኃ ድምፅ ተሰማ። የወንድማቸው ልጅ ቁልፏን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ እንባዋን የጠረገችው በኋላ ነው።

ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ እትዬ ዝምታ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቋት።

«ሥራሽን ጨርሰሻል። ከእንግዲህ አትገደጂም። ወደ ጓደኞችሽ ሂጂ።»

«መንገዱን ካዩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

ጸሐፊዋ የቤቱን በር ከፈተችና ከደረጃው ድጋፍ በተቃራኒ ቆማ ክንዷን ዘረጋችላቸው። እስከ መንገዱ አሥራ ዘጠኝ ደረጃ አለ። ያን ቀን ሦስት ወረዱ፣ ሦስቱንም ተመልሰው ወጡ። አሥራ ስድስት ቀራቸው።