የጋሽ ገብረ ሥላሴ ዳክዬ

ሰርካዲስ ቴክሳስ፣ አዲሰን ከተማ ስትደርስ አስከሬኑ ከአፓርታማው ግቢ ኩሬ ከወጣ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። ፖሊስ «ሰምጦ ነው፤ የሌላ ሰው እጅ የለበትም» ብሎ ፋይሉን ዘግቷል። የጠራቻት የሟቹ ልጅ ዊንታ ግን ለቅሶዋን እንኳ በወጉ ማልቀስ አልቻለችም። ጋሽ ገብረ ሥላሴ ጫማቸውን አውልቀው፣ ኮታቸውን አጣጥፈው ኩሬው ዳር አስቀምጠው ነበርና «ራሳቸውን ጣሉ» የሚለው ሹክሹክታ ቤተ ክርስቲያን ደርሷል። ራሱን ላጠፋ ደግሞ ፍትሐት የለም። ቀብሩ ሰኞ ነው።

ሰርካዲስ ድሮ አዲስ አበባ የወንጀል መርማሪ ነበረች። ዛሬ እዚያው አጠገብ ፋርመርስ ብራንች ከተማ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ትኬት ትቆርጣለች፤ ዓይኗ ግን የቀድሞ ሥራውን አልተወም።

«ለመሞት የሚያበቃ ምክንያት ነበራቸው?»

ዊንታ አንገቷን ደፋች። «ወንድሜ ይርጉ አዲስ አበባ ካረፈ ሦስት ሳምንቱ ነው። ለአባዬ አላረዳነውም ነበር። እና... ሽማግሌዎች ተሰብስበው ዛሬ ማለዳ ሊነግሩት ነበር። አንድ ሰው ቀድሞ ነግሮታል፣ እትዬ ሰርካዲስ።»

«ማን ማን ያውቅ ነበር?»

«ከሽማግሌዎቹ ሌላ እኔ፣ ባለቤቴ ሞገስ፣ ጋሽ ሀብቴ።»

ታክሲ ነጂው ሀብቴ የሟቹ ጎረቤትና የልብ ወዳጅ ነው። አፉ ወሬ አይቋጥርም ስለሚባል ጣት ሁሉ ወደ እሱ ተቀስሯል። ሰርካዲስ ኩሬው ዳር ብቻውን ቆሞ አገኘችው።

«ሦስት ሳምንት ምላሴን ነክሼ ኖሬያለሁ» አለ። «ረቡዕ ከሰዓት አብረን ነበርን። ያወራኝ ስለዚህች ነው።»

ዛፍ ላይ የሰፈረች ትልቅ ጥቁር ዳክዬ አሳያት፤ በዓይኗ ዙሪያ ኪንታሮት የመሰለ ቀይ ሥጋ አላት። ሙስኮቪ ይሏታል። ዘመዶቿ በዱርም በሰው ቤትም የሚኖሩ ናቸው፤ እሷ ከሁለቱም ወጥታ የአፓርታማው ኩሬ ላይ ቀርታለች።

«እዚያ ቁጥቋጦ ሥር ዐሥራ ሁለት ዕንቁላል ታቅፋ ነበር። ሠላሳ አምስት ቀን ትፈጃለች ብሎ ይቆጥርላታል። ሐሙስ፣ የሞተ ዕለት፣ ሠላሳ ሦስተኛዋ ነበር።»

ሰርካዲስ ጎንበስ ብላ ጎጆውን አየች። ባዶ ነው፤ የቅርፊት ስባሪ እንኳ የለም። ዳክዬዋ አንገቷን አስግጋ ከትንፋሽ እምብዛም ያልበለጠ ድምፅ አሰማች።

«አትጮኽም?»

«እነዚህ ዲዳ ናቸው ማለት ይቻላል። ገብሬም የወደዳት ለዚያ ነው።»

ሬሳውን ያገኘው የአፓርታማው ጥገና ሠራተኛ ሞገስ ነበር።

«ሐሙስ ንጋት ላይ ዳክዬዎቹ ሲጮኹ ሰምቼ ወጣሁ» አላት። «ጋሼን ውኃው ውስጥ አየኋቸው። ወዲያው 911 ኮል አደረግኩ።»

«ክንድህን ምን ቧጨረህ?»

«ድመት ናት።»

«ድመት አላችሁ እንዴ?»

«ማለቴ፣ የግቢው ድመት።»

ሰርካዲስ የሞገስን ዕቃ ክፍል አየች፤ ቀጥሎ ፖሊስ የመለሰውን የሟቹን ልብስ ፈታች። ከኮቱ ኪስ ገና ያልተፋቀ የስልክ ካርድ አገኘች። ጀርባው ላይ «ይርጉ፣ እሑድ» ተብሎ ተጽፏል። ስንት ሬሳ ያየች ሴት ካርዱን ይዛ አለቀሰች።

ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ አባ ኃይለ መስቀል፣ ሀብቴ፣ ዊንታና ሞገስ በዊንታ ሳሎን ውስጥ ተሰበሰቡ።

«አባ፣ ለመሞት ብሎ ውኃ የሚገባ ሰው ሱሪው እንዳይርስበት አይጠቀልልም» አለች ሰርካዲስ። «ይኸው፣ እስከ ጉልበት እንደተጠቀለለ ነው። ኮቱንም ለመሰናበት አላጣጠፉትም። እጅጌውን አስረው ከረጢት አድርገውታል፤ ከጎጆው ያነሱትን ለስላሳ ላባ አንጥፈውበታል። ዕንቁላል ሊያስቀምጡበት ነው። የልጃቸውን ሞትም አልሰሙም፤ እሑድ ሊደውሉለት ካርድ ገዝተዋል። ጋሽ ሀብቴ ምሥጢሩን ጠብቋል።»

ሀብቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ታዲያ ዕንቁላሎቹ የት ገቡ?» አሉ አባ።

ሰርካዲስ ወደ ሞገስ ዞረች። «ዲዳ ወፍ ጮኸች ያልከኝ አንተ ነህ። ኩሬው ጋ ለምን እንደሄድክ ልትደብቀኝ ብለህ ነው። ክንድህንም ድመት አልነካውም፤ ከዕንቁላሏ ላይ ስታነሳት በጥፍሯ ቧጭራሃለች። ዕቃ ክፍልህ ያለው ባልዲ ላይ ያው ላባ ተጣብቋል።»

ሞገስ የተቧጨረ ክንዱን በእጅጌው ሸፈነ።

«ማኔጀሩ ጎጆውን ካላነሳህ ሥራ የለህም አለኝ። የዶሮ ሃያ አንድ ቀን ነው፤ እሷን ወር አልፏታል፤ ተበላሽቷል ብዬ አሰብኩ። ለመጣል ግን አንጀቴ እምቢ አለኝ። ረቡዕ ሲመሽ በባልዲ አድርጌ በጥገናዋ ጀልባ ኩሬው መሃል የፓምፑ ኮንክሪት ላይ አስቀመጥኩት። ጋሼ አያዩትም ብዬ ነው።»

«ዳክዬዋ አየችው» አለች ሰርካዲስ። «በርራ ባልዲው አጠገብ ቆመች። እሳቸውም እሷን አይተው ገቡ። ዳሩ ከጉልበት አያልፍም፤ ፓምፑ ጋ ሲደርሱ ግን ሰው ይውጣል። ባልዲውን ያነሳኸው ጥፋቱ እንዳይታወቅብህ ነው። ለዚህም ስትል ሁለት ቀን ሙሉ ራሳቸውን እንዳጠፉ ሲወራ ዝም አልክ።»

አባ ኃይለ መስቀል ከመቀመጫቸው ተነሱ። «ፍትሐቱ ይደረጋል» አሉ። «እኔው ራሴ እፈታቸዋለሁ።»

ዊንታ አባን አላመሰገነችም። ባሏን ነበር የምታየው።

«ባልዲው የት ነበር?»

«እጃቸው ላይ። እንደያዙት ነበር።»

«አባዬ እስትንፋስ ነበረው?»

ሞገስ ቀና ሊል ሞክሮ አቃተው።

«አላየሁም» አለ። «መጀመሪያ ባልዲውን ነው ያነሳሁት።»