ሳትሾር የዞረች ኳስ

«ጥያቄሽን በኋላ! አሁን ሸምድጂ!» አለች ጓደኛዋ፣ በሒሳብ ክበቡ በር እያጮለቀች። «ውስጥ ከሚያስረዱት ልጆች ቀጥሎ እኛ ነን።»

«ለምን» ማብዛቷን አይተው «ለምኒት» ያሏት ልጅ ግን እንዴት ትሸምድድ? ርዕሳቸው «የሊ ቅንፍ» ነው። ጓደኛዋ ፎርሙላውን ከኢንተርኔት አውጥታ በቃሏ ይዛዋለች። ዛሬ በደንብ ያስረዱ ሁለት ልጆች ዩኒቨርሲቲው ወዳዘጋጀው የሒሳብ ካምፕ ይሄዳሉ፤ ለምኒትና ጓደኛዋ ደግሞ ለዚህ ካምፕ ሞተዋል።

«ሊ ምን? ሊገባኝ ነው ወይስ ሊያመልጠኝ?»

«ሊ የሒሳብ ሊቅ ስም ነው፣ ቀልደኛ! ሁለት እንቅስቃሴ አለ። ቅደም ተከተላቸውን ስትቀያይሪ የምትደርሺበት ይለያያል። ቅንፉ ልዩነቱን ይለካል። አለቀ!»

«እኮ ለምን ይለያያል?»

«ኧረ በፈጠረሽ!»

ለምኒት ጭንቀቷን የተወጣችው በጓደኛዋ የቴኒስ ኳስ ነው። ኳሷ አናት ላይ ቀስት ተስሎባታል። በኮሪደሩ መስኮት ደፍ ላይ በመዳፏ ትንሽ ትንሽ አንከባለለቻት፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ግራ፣ ወደ ኋላ። ኳሷ የተነሳችበት ቦታ ተመለሰች። ቀስቱ ግን ዘወር ብሏል።

ደገመችው። ይባስ ብሎ ዞረ።

«እዪ! እዪ! እኔ አላሾርኳትም እኮ! ማንከባለል ብቻ ነው፣ እሷ ግን ዞረች!»

«አታጭበርብሪ፣ አምጪ!» ጓደኛዋ ኳሷን ነጠቀቻት። ወደ ቀኝ ወስዳ ወዲያው ወደ ግራ መለሰቻት። ቀስቱ ንቅንቅ አላለም። መሃል ላይ ወደ ፊት አስገብታ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ ስትመልሳት ግን ዞረ። «ወይኔ ጉዴ! ሁለቱ ሲጠላለፉ ሌላ ሦስተኛ እንቅስቃሴ ይወልዳሉ!»

«እሱ ነዋ ቅንፉ!»

ተቃቅፈው ዘለሉ። ለምኒት በደስታ እንባዋ መጣ።

በሩ ተከፈተ። «ቀጣዮች!» አሉ ቲቸር።

«ፎርሙላው ይሻለናል» አለች ጓደኛዋ በሹክሹክታ። «በኳስ ሲስቁብን ካምፑ ውሃ በላው ማለት ነው።»

ለምኒት ፈራች፣ በጣም ፈራች። ሁለቱ ሲገቡ ቲቸር ጠመኔ ዘረጉላት። እሷ ግን ኳሷን እንደያዘች ቆመች።

«ቲቸር፣ ከሰሌዳው በፊት አንዴ ወደ ጠረጴዛው ይቅረቡልን። ልጆች፣ እናንተም ኑ።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ጓደኛዋ ለኳሷ ቦታ እንዲኖራት የጠረጴዛውን ወረቀቶች ማንሳት ጀመረች።